ማን ከማን ጋር ይተኛ? የቤተሰብ የመኝታ ድልድል በሽርሽር መርከብ ካቢን

በሽርሽር መርከብ ላይ አንድ ተራ ካቢን ስፋቱ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። መታጠቢያ ቤቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ባለ መስታወቱ ጠረጴዛና ሶፋው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚተርፈው ወለል ሁለት ሻንጣ ጎን ለጎን ለመክፈት እንኳ ያጣብባል። ቀን ቀን ክፍሉ የሁለት ሰው ይመስላል። ማታ ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ የካቢኑ አስተናጋጅ ይገባና ከጣሪያው አልጋ ያወርዳል፣ መሰላል ያቆማል፣ ሶፋውን ዘርግቶ አንሶላ ያነጥፍበታል። ቤተሰቡ ሲመለስ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር አልጋ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጥያቄውም ያኔ ይነሣል፤ ማን የት ይተኛ?

ነገሩ የፍራሽ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ከ200 ዓመት በላይ ሕግ አውጪዎች፣ የመርከብ ባለቤቶች፣ የባህል አጥኚዎች፣ የሕፃናት ሐኪሞችና የእንቅልፍ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ሲመልሱት ኖረዋል። መልሶቻቸው የሚጋጩትም አብዛኛውን ጊዜ የያዙት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መነሣት ይበጃል። አንደኛው በካቢኑ ውስጥ ስንት ሰው ይደር የሚለው ነው፤ ይህን የሚወስነው መርከቡ ነው። ሁለተኛው ማን ከማን ጋር ይደር የሚለው ነው፤ ይህ የቤተሰቡና ያደገበት ወግ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ማን በየትኛው አልጋ ላይ ይተኛ የሚለው ሲሆን፣ ይህ በአመዛኙ ዕድሜ፣ ጉልበት፣ ፊኛና ጉሮሮ የሚፈርዱበት የአካል ጉዳይ ነው። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን በየተራ ያያል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕግ አልጋ ሲደለድል

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሻገረው ድኻ ስደተኛ የሚያድረው ከላይኛው ወለል በታች ባለ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ የጋራ ክፍል ውስጥ ነበር። የጣውላ መደቦች በግራና በቀኝ ተደራርበው ይሠራሉ፤ ቤተሰብም ባዳም ጎን ለጎን ይጋደምባቸዋል። ለባለ መርከቡ ተሳፋሪው የጭነት ዓይነት ነበርና በአንድ መደብ ላይ ስንት ሰው ይጋደም የሚለውን የሚወስነው ትርፍ ነበር።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1819 ያወጣው ሕግ ለዚህ ልጓም አበጀለት። መርከቦች ለእያንዳንዱ 5 ቶን ከ2 ተሳፋሪ በላይ እንዳይጭኑ ከለከለ። ይህ ሕግ ቁጥር እንጂ ዝምድና አያውቅም፤ የማን ጎን ከማን ጎን እንደሚገጥም ምንም አላለም።

በ1882 የወጣው ሕግ ግን አልጋው ድረስ ገባ። እያንዳንዱ መኝታ ቢያንስ 1.83 ሜትር እንዲረዝም፣ 61 ሳንቲ ሜትር እንዲሰፋ፣ ደርቡም ከሁለት እንዳይበልጥ አዘዘ። የዚህ እጥፍ ስፋት ባለው ድርብ መኝታ ላይ ማን ከማን ጋር መተኛት እንደሚችልም አንድ በአንድ ዘረዘረ፦ ሁለት ሴቶች፤ አንዲት ሴት ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ከሆነ ሁለት ልጆች ጋር፤ ባልና ሚስት፤ አንድ ወንድ ከ8 ዓመት በታች ከሆኑ ሁለት የገዛ ልጆቹ ጋር፤ ወይም በግል የሚተዋወቁ ሁለት ወንዶች። ከ14 ዓመት በላይ የሆነና ከሚስቱ ጋር የማይተኛ ወንድ ሁሉ በመርከቡ የፊት ክፍል፣ በግድግዳ በተለየ ስፍራ እንዲያድር ተደነገገ።

ይህን ዝርዝር ቀረብ ብሎ ያነበበ ሰው የዘመኑን ፍርሃት በሙሉ ያገኝበታል። ሁለት ሴቶች ባይተዋወቁም አብረው ሊተኙ ይችላሉ፤ ሁለት ወንዶች ግን መተዋወቅ አለባቸው። ሴቲቱ ልጆቹን ወልዳቸው እንደሆነ አትጠየቅም፤ ወንዱ ግን የገዛ ልጆቹ መሆን አለባቸው። ሕግ አውጪው ስለ ምቾት አልተጨነቀም። የተጨነቀው ማን ለማን አደጋ ይሆናል ብሎ ነው። የዛሬ ቤተሰብ የካቢን ድልድል ሲያወጣ ሳያውቀው የሚከተላቸው በርካታ ግምቶች በዚህ ሕግ ውስጥ በጽሑፍ ሰፍረዋል።

በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክም ይህንኑ ሥርዓት ይዛ ነበር የተነሣችው። በሦስተኛ ማዕረግ ነጠላ ወንዶች በፊተኛው ጫፍ፣ ነጠላ ሴቶችና ቤተሰቦች በኋለኛው ጫፍ ተመድበው ነበር። የመርከቧ መጥፋት በ1914 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ የሕይወት ደኅንነት ስምምነት አስከተለ። ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የነፍስ አድን ጀልባ ይኑር የሚለው መርህ ዛሬም በካቢን ድልድል ላይ ክንዱ ረጅም ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከስደት ወደ ሽርሽር

መርከብን ለመሻገሪያ ሳይሆን ለመዝናኛ ብቻ መሥራት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በ1900 ወደ ውኃ የወረደችው የጀርመኗ ፕሪንዘሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ ለሽርሽር ተብላ የተሠራች የመጀመሪያዋ መርከብ ተደርጋ ትታያለች፤ 120 ካቢኖቿ ሁሉ የአንደኛ ማዕረግ ነበሩ። በዚያ ዓለም ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ የሚታጨቅበት ምክንያት አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው አውሮፕላን ነው። በ1958 የጄት አውሮፕላኖች በአትላንቲክ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች ሥራ ፈቱ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማያሚን ማዕከል ያደረጉ ኩባንያዎች ሽርሽርን ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ መሸጥ ያዙ። ካርኒቫል በ1972 ሥራ የጀመረው ማርዲ ግራ በተባለች መርከብ ነው፤ እርሷም ቀድሞ ኢምፕረስ ኦፍ ካናዳ ተብላ አትላንቲክን ስትመላለስ የኖረች ነበረች። እንዲህ ያሉ አሮጌ መርከቦች ከነተደራራቢ አልጋቸው ወደ መዝናኛው ዓለም ተሻገሩ። ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ የሚወርደው አልጋ እስከ ዛሬ ፑልማን እየተባለ የሚጠራውም ባለ ታጣፊ አልጋ የባቡር ፉርጎዎችን በ1860ዎቹ ባስፋፋው አሜሪካዊ በጆርጅ ፑልማን ስም ነው። ከስደተኛው መርከብ መደቡን፣ ከባቡሩ ማጠፊያውን ወርሶ የዛሬው የቤተሰብ ካቢን ተወለደ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ለተለያየ ቤተሰብ የተለያየ ክፍል መንደፍ ጀመሩ። በ1998 ሥራ የጀመረችው ዲዝኒ ማጂክ በአብዛኞቹ ካቢኖቿ መታጠቢያውንና መጸዳጃውን በሁለት በር ለየች፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዳይጠብቅ። በ2010 ኖርዌጂያን ኤፒክ ብቻቸውን ለሚጓዙ ሰዎች 128 ትንንሽ ክፍሎች ይዛ መጣች። ሁለቱም ንድፎች አንድ ነገር ያምናሉ፤ ባለ ሁለት አልጋው ተራ ካቢን ለሁሉም አይስማማም።

የካቢኑ ሂሳብ

በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ 2,805 ካቢኖች አሏት። ኩባንያው የመርከቧን አቅም በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ብሎ ሲናገር 5,610 ይላል። ከፍተኛው አቅሟ ግን 7,600 ገደማ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 2,000 የሚጠጋ ሰው በሙሉ በሦስተኛና ከዚያ በላይ ባሉ መኝታዎች የሚያድር ነው። ባብዛኛው በሶፋ ላይና ከጣሪያ በሚወርድ አልጋ ላይ፤ ባብዛኛውም ልጅ ነው። መርከቦች ከመቶ በላይ ሞልተናል ብለው የሚያስታውቁት በዚህ አቆጣጠር ነው። መቶ ማለት በየካቢኑ ሁለት ሰው ማለት ነውና።

ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ካቢኑ አራት አልጋ እያለው፣ ለአራተኛ ሰው ቦታ የለም ሊባል ይችላል። የሚቆጠረው አልጋ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ካቢን በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ስፍራ ተመድቧል፤ ያ ስፍራ ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባው ከሚይዘው ሰው በላይ መቀበል አይችልም። በዚያ የመርከቡ ክፍል ሌሎች ቤተሰቦች ሦስተኛና አራተኛ መኝታዎችን ቀድመው ከሞሉ የቀሩት አልጋዎች ታጥፈው ይቀራሉ። የታይታኒክ ክንድ እዚህ ድረስ ይደርሳል።

ዋጋውም የራሱን ድልድል ያወጣል። የካቢን ዋጋ የሚሰላው ሁለት ሰው እንደሚገባበት ታስቦ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይገባሉ፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ግን የሁለት ሰው የሚጠጋ ሂሳብ ይጠየቃል። ስለዚህ አያትን ለብቻቸው ማሳደር ውድ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ማጨቅ ርካሽ ይሆናል። ቤተሰቡ በፍቅር አብረን እንደር ያለ ቢመስለውም የወሰነለት የዋጋ ሰንጠረዡ ሊሆን ይችላል።

አራት መርሆዎች፣ አንድ ክፍል

ማን ከማን ጋር ይደር የሚለው ጥያቄ በባህል ጥናት ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። ዊሊያም ካውዲልና ዴቪድ ፕላዝ በ1966 ባወጡት ጥናት የቶኪዮ፣ የኪዮቶና የማትሱሞቶ ቤተሰቦች ማታ እንዴት እንደሚተኙ መረመሩ። የጃፓን ከተሜ ከወላጆቹ ወይም ከልጆቹ ጋር የሚተኛው ክፍል ስላነሰው ብቻ ነው የሚለው ግምት አላስኬዳቸውም። ክፍል እያላቸውም አብረው የሚተኙ ቤተሰቦችን አገኙ። በጃፓን ይህ አተኛኘት በወንዝ ፊደል ስም ይጠራል፤ ፊደሉ ሦስት ቋሚ መስመሮች ሲሆን መሐለኛው በወላጆቹ መካከል ያለው ልጅ ነው።

በ1995 ሪቻርድ ሽዌደርና ሁለት ባልደረቦቹ ነገሩን በሂሳብ ጨዋታ ፈተኑት። አባት፣ እናት፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ያሉት ሰባት አባላት ያሉት ቤተሰብ አሰቡ፤ በሕንድ የቡቫኔሽዋር ከተማ ነዋሪዎችንና በቺካጎ የሃይድ ፓርክ ነዋሪዎችን እነዚህን ሰዎች በተለያየ የክፍል ቁጥር ደልድሉ አሏቸው። ሰባት ሰዎችን በቡድን ለመክፈል 877 መንገድ አለ። መልስ ሰጪዎቹ ግን በዘፈቀደ አልመረጡም፤ ምርጫቸው በጣት በሚቆጠሩ መርሆዎች ይመራ ነበር። ሁለቱም ወገን የተስማማበት አንድ ነገር ነበር፦ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ተቃራኒ ፆታ ያላቸው የሥጋ ዘመዶች አብረው አይተኙም። ከዚያ ውጭ ሕንዶቹ ለደካማው ጥበቃን፣ የሴት ልጅን ክብርና የበላይና የበታች ርቀትን ሲያስቀድሙ፣ አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ለብቻቸው መሆናቸውንና የልጅን ራስን መቻል አስቀደሙ።

በካቢን ውስጥ ያሉት ሰዎች አራት ቢሆኑ መከፋፈያው መንገድ 15 ብቻ ነው። መርሆዎቹ ግን አይቀንሱም። ካቢኑን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ በቤት ውስጥ በየክፍሉ ተበትነው ሳይገናኙ የሚኖሩ መርሆዎች በ15 ካሬ ሜትር ላይ ይፋጠጣሉ።

ባልና ሚስትን የሚያስቀድመው አቋም ሁለቱ የታች አልጋዎች ተገጥመው አንድ ሰፊ አልጋ እንዲሆኑ፣ ልጆች ከላይና ከሶፋ እንዲተኙ ያዛል። የመርከቡ የተለመደ አነጣጠፍም ይህንኑ ይከተላል። ነገር ግን በአንዳንድ ካቢኖች ከጣሪያ የሚወርዱት ሁለቱ አልጋዎች ሲዘረጉ የታቾቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተለያይተው መቆም ይኖርባቸዋል፤ መሰላሉ ማረፊያ ይፈልጋልና። ያን ጊዜ መርሁ በብረት ማጠፊያ ይሸነፋል።

ደካማውን የሚያስቀድመው አቋም ሕፃኑንና አቅመ ደካማውን ከጠንካራው አጠገብ ያደርጋል፤ እናት ከትንሹ፣ አባት ከተከታዩ ጋር። ይህ አቋም ከ1882ቱ ሕግ ጋር ይመሳሰላል።

በፆታ መለየትን የሚያስቀድመው አቋም ዕድሜ ላይ ያተኩራል፤ የዕድሜው ድንበር የተለያየ ከሚመስል ምንጭ ተቀድቶ ሲገጣጠም ያስገርማል። ልጆች 10 ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው ይለይ የሚለው ትምህርት በሐዲስ የታወቀ ነው። የእንግሊዝ የ1985 የቤቶች ሕግም መጣበብን ሲተረጉም ባልና ሚስት ያልሆኑ፣ 10 ዓመት የሞላቸው ተቃራኒ ፆታዎች በአንድ ክፍል ለመተኛት መገደዳቸውን እንደ ጥሰት ይቆጥራል፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉትን አይቆጥርም። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ትእዛዙ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው መኝታ ይለይ ይላል፤ ሁለተኛው ክፍል። በካቢን ውስጥ መኝታ መለየት ይቻላል፤ ክፍል መለየት ግን ሁለተኛ ካቢን መከራየት ነው። ልዩነቱ ለእህትና ለወንድም ድልድል ወሳኝ ነው።

አክብሮትን የሚያስቀድመው አቋም ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ቅርብ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልቲሞር ቅርብ የሽርሽር ወደብ ነው፤ ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆችን ይዞ ለሚሳፈር ቤተሰብ የድልድሉ የመጀመሪያ መስመር ግልጽ ነው፤ ጥሩው አልጋ የእናት ነው። በኛ ወግ እንግዳና ሽማግሌ አልጋ ላይ፣ ልጆች ፍራሽ ላይ ራስጌና ግርጌ ሆነው ይተኛሉ። ችግሩ ወጉ ከነይሉኝታው መሳፈሩ ነው። እናት አልጋውን ሲሰጧቸው «እኔ ሶፋው ይበቃኛል፤ እናንተ ሥራ ሲያደክማችሁ የከረማችሁ ናችሁ» ይላሉ። ሁለት ጊዜ ይለመናሉ፤ በሦስተኛው ዝም ይባላል። በውጤቱም ወገባቸው የደከመው ሰው የሶፋው ስፌት ጎናቸው ላይ አርፎ ያድራሉ። አክብሮት በመርህ ደረጃ አሸንፎ በአልጋ ደረጃ የሚሸነፈው እንዲህ ነው። ለሌሊት ጸሎት ወይም ለሱብሒ ሰላት የሚነሡ ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ ጥሩው አልጋ ሰፊው ሳይሆን መብራት ሳያበሩ ወደ መታጠቢያው የሚደርሱበት ነው።

አካል ምን ይላል?

ከወግ ወደ ማስረጃ ስንመጣ በአንዳንዱ ላይ ክርክር የለም፤ በአንዳንዱ ላይ አለ።

ክርክር ከሌለበት እንጀምር። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ደርብ ላይ እንዳይተኛ ይመክራል። ልጆች ላይኛውን አልጋ የሚወዱት ለጀብዱ ነው፤ ጀብዱው ግን በሚወዛወዝ መርከብ ላይ፣ በጨለማ፣ መጸዳጃ ፍለጋ በመሰላል መውረድን ይጨምራል። ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሽማግሌም በዚሁ ምክንያት ለላይኛው አልጋ አይታጭም። ከሁለቱ ወገን የሚተርፈው ከ6 ዓመት የዘለለው ልጅና ጉልበቱ የጸናው ወጣት ነው።

ሶፋውም ከሕፃን አንጻር ክርክር የለበትም። ሕፃን ከእናቱ ጋር በአንድ አልጋ ይተኛ ወይስ አይተኛ በሚለው ላይ ሐኪሞችና አጥኚዎች ተከፋፍለዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባደሰው መመሪያ ሕፃን ቢያንስ እስከ 6 ወር በወላጆቹ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ ይተኛ ይላል። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲው ጄምስ መኬና በሌላ በኩል ጡት እያጠቡ አብሮ መተኛት ለሰው ልጅ የቆየ፣ ተፈጥሯዊ አኳኋን ነው፤ መወገዝ ሳይሆን በጥንቃቄ መደረግ አለበት ብሎ ይሟገታል። ሁለቱ ወገን የሚገናኙበት ነጥብ ሶፋ ነው፤ ከሕፃን ጋር ሶፋ ላይ እንቅልፍ መውሰድ ከሁሉ የከፋው አደገኛ አተኛኘት ነው። የሕፃን አልጋ አስቀድሞ ለጠየቀ መርከቦች ያቀርባሉ። ብዙ ኩባንያዎች ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ስለማያሳፍሩ፣ ውቅያኖስ ለሚሻገር ጉዞም 12 ወር ስለሚጠይቁ፣ በካቢን ውስጥ የሚታየው ሕፃን መገላበጥና መዳህ የጀመረ ነው፤ የሕፃኑ አልጋ ሌሎቹ ከተዘረጉ በኋላ በሚቀረው ወለል ላይ የት እንደሚቆም በሴንቲ ሜትር መለካት ያሻል።

ክርክር ያለባቸው ነጥቦች የሚበዙት በአዋቂው እንቅልፍ ላይ ነው። መርከብ እሹሩሩ ይላል የሚባለው እውነት ነው? የጄኔቫ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት 18 ወጣቶችን በዝግታ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ቶሎ እንደተኙና ጥልቅ እንቅልፋቸው እንደጨመረ አሳይተዋል። ይህ ግን አንድ ዓይነት፣ ለስላሳና የማይዛነፍ ውዝዋዜ ነው፤ ማዕበል እንዲህ አይደለም። ለሚያጥወለውላቸው ሰዎች ዛሬም የሚሰጠው ምክር መርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለ ወለል ላይ ያለ ካቢን ምረጡ የሚል ነው፤ ጫፎቹና ላይኞቹ ወለሎች አብዝተው ይወዛወዛሉና።

የመጀመሪያዋ ሌሊትስ? የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት በእንግዳ ስፍራ በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎል ግራ ንፍቅ በጥልቀት አይተኛም፤ ድምፅ ጠባቂ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ውጤት ድልድሉን መፍረድ ችኮላ ነው። አብሮ መተኛትን በተመለከተ በ2020 የወጣ የጀርመን ጥናት 12 ጥንዶችን መርምሮ፣ አብረው ሲተኙ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል እንደጨመረ፣ እንቅስቃሴያቸውም እንደበዛ አገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የተመረመሩትም ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። አያት የሚያንኮራፉበትንና ሁለት ልጆች ከላይ የሚገላበጡበትን ክፍል የሚወክል አይደለም።

ማንኮራፋት የብዙ ካቢኖች ዋና ጠብ ቢሆንም የሚወራው በቀልድ ብቻ ነው። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ሰዎች የሚጠቀሙበት የአየር መግፊያ መሣሪያ ሶኬት አጠገብ መሆን ይፈልጋል፤ የካቢን ሶኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጠረጴዛው በኩል ነው። የራስን ማራዘሚያ ገመድ ይዞ መግባት በብዙ መርከቦች ስለሚከለከል ከመርከቡ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሣሪያው ባለቤት የሚተኛበትን አልጋ የሚመርጠው እንግዲህ ሶኬቱ ነው።

በመጨረሻ ብርሃን አለ። ባለ በረንዳ ካቢኖች ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አላቸው፤ በአንዱ ሰፊው አልጋ በረንዳው አጠገብ፣ ሶፋው ወደ ቁም ሳጥኑ ነው፤ በሌላው ተቃራኒው። አልጋው በረንዳው አጠገብ ሲሆን ሶፋ ላይ የተኛው ልጅ ሌሊት መጸዳጃ በሚመላለሰው ሰው ይረበሻል። ሶፋው በረንዳው አጠገብ ሲሆን ልጁ ከጎህ ጋር ይነቃል፤ ጠዋት ቡናውን ይዞ ባሕሩን ሊያይ የሚወጣው አባትም በልጁ ራስ ላይ ያልፋል። መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን ይህን ጠብ ያጠፋዋል፤ ፍጹም ጨለማ ነውና። ግን ሌላ ችግር ያመጣል፤ ሰውነት መንጋቱን የሚያውቅበት ምልክት ያጣል። አንዳንድ ኩባንያዎች የውጭውን ባሕር በካሜራ ቀርጾ በግድግዳ ላይ የሚያሳይ መስኮት መሰል መስታወት የገጠሙት ይህን ለማካካስ ነው።

አንድ ካቢን ወይስ ሁለት?

የዛሬው ትልቁ ክርክር በአልጋ ላይ ሳይሆን በበር ላይ ነው። አንዱ ወገን አራትና አምስት ሰው በአንድ ባለ በረንዳ ካቢን ይደር ይላል፤ ሌላው በዚያው ገንዘብ ሁለት የውስጥ ካቢን ይያዝ ይላል። የመጀመሪያው ፀሐይና አብሮነት ይሰጣል። ሁለተኛው ሁለተኛ መጸዳጃ ይሰጣል፤ ጠዋት አምስት ሰው ለቁርስ ሲነሣ የሁለተኛውን መጸዳጃ ዋጋ የሚያቃልል የለም።

እዚህም መለየት የሚገባው ነገር አለ። አጎራባች ካቢኖች ማለት ግድግዳቸው የተያያዘ ማለት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ በኮሪደር ነው። ተገናኝ ካቢኖች ግን በውስጥ በር ይከፈታሉ። ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ የበሩ ዋጋ ግን በድምፅ ይከፈላል፤ የውስጥ በር እንደ ግድግዳ አያፍንም።

ደንቡም አለ። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ካቢን ውስጥ ቢያንስ አንድ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፤ ለወላጆችና ለልጆቻቸው ግን ካቢኖቹ ሲቀራረቡ ያላላሉ። ስለዚህ ቤተሰቦች በወረቀት ላይ አባትን ከወንዶቹ፣ እናትን ከሴቶቹ ጋር ያስመዘግቡና ከተሳፈሩ በኋላ ቁልፍ ይቀያየራሉ። ነገሩ የተለመደ ነው፤ አንድ ጥያቄ ግን ይተዋል። የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያው የተመደበው በካቢን ነው። በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ጎኗን ተመትታ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የደኅንነት ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ዓለም አቀፍ ደንቡ ተጠናክሯል። ልምምዱን በአንድ ካቢን ስም አድርጎ በሌላ የሚተኛ ልጅ ሌሊት ማንቂያው ቢጮህ ወደ የትኛው እንደሚሮጥ ቤተሰቡ ራሱ መነጋገር አለበት።

ያልተቋጩት

ሦስት ነጥቦች ገና አልተቋጩም። አንደኛው ልጅ ስንት ዓመት ሲሆነው በሌላ ካቢን ያለ አዋቂ ያድራል የሚለው ነው፤ የኩባንያ ደንብ የሚያወራው ስለ ተጠያቂነት እንጂ ስለ ልጁ ብስለት አይደለም። ሁለተኛው እዚህ የተጠቀሱት የእንቅልፍ ጥናቶች አንድ ወይም ሁለት ሰው በጸጥታ ክፍል ውስጥ አስተኝተው የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ካቢን ሲያድር ማን ምን ያህል እንደሚያጣ ከእነርሱ አይነበብም። ሦስተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ አምስት ሌሊት ሶፋ ላይ ያደረ ሰው በስድስተኛው አልጋ ይገባዋል ወይ? ተራ ማዞር ለልጆች ፍትሕን ያስተምራል፤ ለእንቅልፍ ግን በየሌሊቱ አዲስ የመጀመሪያ ሌሊት ይሆናል።

ባሉት ማስረጃዎች ላይ ግን አንድ ብይን መስጠት ይቻላል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ዋጋ ያያል፤ ቀጥሎ አልጋውን ያገኘዋል፤ ከዚያ በይሉኝታ ይደለድላል። መሆን ያለበት ተገልብጦ ነው። በመጀመሪያ አካል ይናገር፤ ላይኛው አልጋ ላይ ሊወጡ የማይችሉት፣ ሶፋ የማይሆናቸውና ሶኬት የሚሹት ይለዩ። ቀጥሎ ዝምድናና ዕድሜ ይናገሩ። ከዚያ አክብሮት ይምጣ፤ እርሱም ቤት እያሉ፣ «ሶፋው ይበቃኛል» ከመባሉ በፊት ይፈጸም። ዋጋ በመጨረሻ ይታይ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊትም መርከቡ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የዚህ ካቢን የታች አልጋዎች ላይኞቹ ሲወርዱ ይገጠማሉ ወይስ ይለያያሉ፤ ሶፋው ሲዘረጋ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት፤ ሦስተኛና አራተኛ መኝታው ለዚህ ጉዞ ክፍት ነው ወይ። መልሕቅ ከተነሣ በኋላ ፍራሽ መቀየር ይቻል ይሆናል፤ ካቢን ግን አይሰፋም።